ወንድሜ «በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» የሚለውን ቅጽ ይፈርም ወይስ አይፈርም?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጀርመን ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የጥገኝነት ጥያቄው መጀመሪያ ውድቅ ሲደረግበት ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ አሁን ፍርድ ቤቱም ኔጋቲቭ ሰጠው። ደብዳቤው በ30 ቀን ውስጥ አገሩን ለቆ እንዲወጣ ይላል። በሚኖርበት ካምፕ ያለች ሠራተኛ «በፈቃድህ ከተመለስክ ቲኬት ይቆረጥልሃል፣ መቋቋሚያም ታገኛለህ፤ ካልሆነ ፖሊስ መጥቶ ይወስድሃል» ብላ ቅጽ ሰጥታዋለች። ቅጹን ይዞ ቁጭ ብሏል።

እዚህ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። እናታችን «በሕይወት እያለሁ ዓይኑን ልየው፣ ገንዘብ ምን ያደርግልኛል» ትላለች። አጎታችን ለጉዞው ያበደረው እሱ ስለሆነ «ባዶ እጁን መጥቶ ምን ሊሆን ነው» ባይ ነው። ሁለቱም በየተራ እየደወሉ ልጁን መግቢያ መውጫ አሳጥተውታል።

ሌላም ነገር አለ። ትውልዳችን አጣዬ ነው። በሚያዝያ 2013 ከተማዋ ስትቃጠል የእኛም ቤት ሄዷል። ወንድሜ የከተማዋን መቃጠል በዜና ሰምቷል፤ የእኛ ቤት ግን የተረፈ ነው የሚመስለው። እናቴ «በሰው አገር ብቻውን ሆኖ ይህን ሰምቶ አንድ ነገር ይሆንብኛል» ብላ ሁላችንንም አስምላናለች። አሁን የምንኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ተከራይተን ነው። እመለሳለሁ ሲል የሚያስበው ወደዚያ ወደ አባታችን ቤት ነው።

በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ ይንገረኝ። ይፈርም ወይ?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

እህቴ አትጨነቂ፣ ይምጣ። አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን እንደ ድሮዋ አይደለችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ማድለብ አለ። ካምፕ ውስጥ ወጣትነቱን ከሚጨርስ እዚህ ከዜሮ ቢጀምር ይሻለዋል። ከአረብ አገር ተመልሰው በሬ አድልበው ራሳቸውን የቻሉ አውቃለሁ። አጎትሽንም ሽማግሌ ልካችሁ ለምኑት፤ ዕዳ ይከፈላል።

ሪያድ የነበርኩ፦

ወንድሜ፣ ቅንነትህ ይታየኛል፤ ግን «ይምጣ» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። እኔ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ሳዑዲ የገባሁት እንደ ብዙው የቀወትና የአንጾኪያ ልጅ በባሕር ነው፤ በባቲ፣ በአፋር አቋርጬ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) የሚባል ነገር አልነበረኝም። የተመለስኩት በ2006 ነው፤ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ የወጡበት ጊዜ። እጄን ሰጥቼ ስለወጣሁ ወዶ ከተመለሰው ተቆጠርኩ። እስር ቤት ወለል ላይ ተኝተህ፣ ሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) እስኪመጣልህ እየጠበቅክ «አገርህ መግባት ትፈልጋለህ?» ስትባል እምቢ የሚል ማን አለ? እኔ መውጣት እንጂ መመለስ አልመረጥኩም። ሁለቱ ይለያያሉ።

ቦሌ ስንደርስ ለመሳፈሪያ የምትሆን ትንሽ ብር ተሰጠን፤ ከዚያ ሁሉም ወደየአገሩ ተባለ። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጠዋት ከተነሳህ ለምሳ ትደርሳለህ። እኔ ግን አልሄድኩም። መርካቶ ጭነት እያወረድኩ ከረምኩ። አባቴ ለደላላው የሚከፍለውን ያገኘው በሬዎቹን ሸጦ ነው፤ ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ባዶ እጅን ይዞ የአባትን ደጅ መርገጥ ከበረሃው ይከብዳል። አብረውኝ ከወረዱት መካከል ዓመት ሳይሞላቸው በዚያው መንገድ የተመለሱ ብዙ ናቸው። አሻራ ስለሰጡ በሕጋዊ ቪዛ መግባት ስለማይችሉ እንደገና ባሕሩን ነው የያዙት።

ከዚያ ወዲህም የ2009 የምሕረት ጊዜ መጣ። በመጋቢት 2014 ወደ 100,000 ሰው ለመመለስ ከሳዑዲ ጋር ስምምነት ተደረገ። በ2016 ደግሞ ሌላ 70,000 ሰው ይመለሳል ተባለ። ከአውሮፕላን ስለሚወርደው ሰው ቁጥር በየጊዜው እንሰማለን፤ ስንቱ ቤቱ ገብቶ እንደቀረ ግን የሚነግረን የለም።

እህቴ፣ እኔ ይምጣም አይምጣም አልልሽም። ቢመጣ ማን ምን እንደሚለው ግን ከአሁኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አጎትሽ ዕዳውን ቢተውለት ወይም በረጅም ጊዜ ይክፈለኝ ብሎ ለልጁ ራሱ ደውሎ ቢነግረው፣ ከሚሰጠው ዩሮ ይበልጥ ያቋቁመዋል።

አስተርጓሚው፦

ጀርመን ነው ያለሁት፤ ለሐበሻ ጥገኝነት ጠያቂዎች በትርፍ ጊዜዬ አስተረጉማለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የመጨረሻውን ቃል ጠበቃው ይበል። ግን ሰው ሳያውቅ ሲፈርም ማየት ስለመረረኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የካምፕ ሠራተኛዋ የነገረችው ግማሹ እውነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት የመመለሻ ሕግ መሠረት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው በራሱ እንዲወጣ ከ7 እስከ 30 ቀን ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወጣ በመደበኛው አካሄድ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክል እገዳ አይጻፍበትም። ጊዜውን አሳልፎ በኃይል ከተመለሰ ግን እስከ 5 ዓመት የሚደርስ እገዳ ሊጣልበት ይችላል፤ የተባረረበትንም ወጪ በኋላ ቪዛ ሲጠይቅ ክፈል ይሉታል። ወንድምሽ ነገ በትምህርት ወይም በሥራ ቪዛ መመለስ ከፈለገ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እውነት ያልሆነው ግማሽ፣ በ31ኛው ቀን ፖሊስ በሩን ያንኳኳል የሚለው ነው። ፓስፖርት ስለሌላቸው፣ ስለታመሙ፣ ወይም የሙያ ሥልጠና ስለጀመሩ ዱልዱንግ ተሰጥቷቸው ለዓመታት የሚኖሩ አሉ። ዱልዱንግ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ማባረሩን ለጊዜው ማቆየት ብቻ ነው፤ ኑሮውም ጭንቅ ነው። ቢሆንም አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ላይ ያለ ወይም ሊገባ የተቃረበ ልጅ ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ይህን መንገድ ማጣራት አለበት። ወንድምሽ ሥልጠና ላይ ነው? ሕመም አለበት? አልነገርሽንም።

አሁን ማድረግ ያለበት፣ አንደኛ ጠበቃው ጋ በዚህ ሳምንት መድረስ ነው። ከጠበቃው ቀጥሎ ከካምፑ ውጭ ያለ የመመለስ ምክር መስጫ ይሂድ። ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ ቀይ መስቀል እንዲህ ያለ ቢሮ አላቸው። ምክሩ ነጻ ነው፣ ገብቶ ስለጠየቀም የመመለስ ግዴታ አይገባም። ቲኬቱንና ድጋፉን የሚያስኬደው ፕሮግራም ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ በአይኦኤም በኩል ሲሠራ የኖረ ነው። ለምዝገባ ገንዘብ አይከፈልም። «እኔ ቶሎ ላስመዘግብህ» ብሎ ዩሮ የሚጠይቅ ሐበሻ ካለ ሌባ ነው።

ቅጹን ቃል በቃል በአማርኛ ያስነብበው። ብዙ ጊዜ የመመለሻውን ቅጽ ስትፈርም ገና በሂደት ላይ ያለ አቤቱታህን ሁሉ እንዳነሳህ ይቆጠራል። ድጋፉን ወስዶ በኋላ ጀርመን ለመኖር ቢመለስም ገንዘቡን መልስ ሊባል ይችላል።

የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። የአጣዬው ቤት። ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያይ አንዱ ዋና ጥያቄ «ይህ ሰው ቢመለስ የት ይኖራል? በሌላ የአገሪቱ ክፍል በሰላም መኖር ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ወንድምሽ ቤቴ አለ ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ከሆነ ውሳኔው የተሠራው በሌለ ቤት ላይ ነው። የቤት መቃጠል ብቻውን ጥገኝነት አያሰጥም፤ ግን አዲስ ማስረጃ ከሆነ ጠበቃው እንደገና ማመልከት ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ሊያይበት ይችላል። እህቴ፣ እናታችሁ ያስማሉት በፍቅር ነው። መሐላው ግን ልጁን እያሰረው ነው። ዛሬ ንገሩት።

የጠባሴዋ፦

አስተርጓሚው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሥልጠና አልጀመረም፤ ቋንቋውን እየተማረ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሕመም እንኳ... እንቅልፍ የለውም። ሌሊት ሌሊት ነው የሚደውለው።

የቤቱን ጉዳይ ስትጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ማስረጃ ይሆናል ብሎ ማንም አስቦት አያውቅም። አንድ ጥያቄ፦ ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

አስተርጓሚው፦

አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ አልሄድም ማለት ይችላል፤ በፈቃድ ነው የተባለው ለዚያ ነው። ነገር ግን ያነሳው አቤቱታ በራሱ አይመለስለትም፣ የ30 ቀኑም ቆጠራ አይቆምም። ስለዚህ «ልፈርምና አያለሁ» የሚል ነገር የለም። እንቅልፍ ማጣቱን ለሐኪም ይንገር፣ ወረቀትም ይያዝበት። ለጉዳዩ ብዬ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ውሳኔ መወሰን የለበትም። ጊዜው እንዲራዘምለት በጽሑፍ መጠየቅም ይቻላል፤ በቂ ምክንያት ሲኖር የሚያራዝሙበት ጊዜ አለ።

የሸዋ ሮቢቷ እናት፦

ልጄ፣ የጠባሴዋ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ጭንቀቷ ገብቶኛል። የእኔ ልጅ ጀርመን አልደረሰም፤ የመን ነበር የቀረው። በየካቲት 2013 ሰንዓ ውስጥ ስደተኞች የታጎሩበት ቤት ሲቃጠል፣ የሟቾቹ ስም እስኪነገር ያደርኩትን ሌሊት ለጠላቴም አልመኘው። ልጄ እዚያ አልነበረም። የሌላዋ እናት ልጅ ግን ነበር።

ኋላ ኤደን ላይ ለመመለስ ተመዘገበ። አውሮፕላኑ ተራ አለው። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ጓደኞቹ ተስፋ ቆርጠው በደላላ ጀልባ ወደ ጅቡቲ እንመለስ አሉት። እግሩን ይዤ ብለምነው በወደድኩ፤ በስልክ ነው የለመንኩት። ቆየልኝ። በ2016 በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አጠገብ ሲሰጥሙ ሰምታችኋል፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰው ነው ያለቀው። እነዚያ ልጆች ወደ ሳዑዲ ሲሄዱ አልነበረም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። በጄ ብለው ወደ አገራቸው ፊታቸውን አዙረው።

ስለዚህ የሚመለስ ልጅ በሕጋዊው መንገድ ይመለስ፤ ተራው ቢዘገይም ይጠብቅ። እናትሽ እንደ እኔ «ና» ማለቷ ትክክል ነው፤ ግን ና ስትለው ወዴት እንደሚመጣ ትንገረው። እኔ ለልጄ አባቱ መሞቱን ቦሌ ላይ አልነበረም የነገርኩት፤ ከመነሳቱ በፊት ነው። አልቅሶ ጨርሶ ነው የመጣ።

የመሐል ሜዳው፦

እኔ የድሮ ስደተኛ ነኝ። በደርግ ጊዜ በመተማ ወጥቼ ሱዳን ብዙ ዓመት ኖርኩ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ከሱዳን የመመለሱ ሥራ ሲጀመር ከተመለሱት ነኝ። ያኔ ማንም አልጎተተንም። ተመዝግበን፣ ተጠይቀን፣ አገሩ ምን እንደሚመስል ሄደው ያዩ ሰዎች መጥተው ነግረውን ነው የመጣነው። የቀሩም ነበሩ፤ ቅሩ ተብለው ቀሩ። በየካቲት 1992 ግን ከ1983 በፊት ለወጡት ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ከለላው በአጠቃላይ ተቋረጠ፤ ምክንያቱ አልፏል ተብሎ። ከዚያ በኋላ ልዩ ምክንያት ያለው ብቻ ነው በስደተኝነት መቆየት የቻለው። ይህን የማነሳው፣ ለመመለስ መምረጥ የሚቻልበት ጊዜ ራሱ የሚያልፍ መሆኑን ወጣቶቹ እንዲያውቁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በ1961 መጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ስምምነት አጽድቋል። አምስተኛው አንቀጽ ስለ መመለስ ብቻ የሚናገር ነው። ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ አይመለስም ይላል። የትውልድ አገሩ ደግሞ ሲመለስ የዜጋ መብቱን ሁሉ ሰጥቶ እንዲቋቋም መርዳት አለበት፤ ወጥቶ ነበር ተብሎም በምንም መንገድ እንዳይቀጣ። ይህ የአፍሪካ ሕግ ነው፣ ጀርመንን አያዝም። እኛን ግን ያዛል። ልጁን ተቀባዮቹ እኛ ነን፤ ስለዚህ ጀርመን ምን ትሰጠዋለች ከማለት አስቀድሞ የእኛ ቀበሌ፣ የእኛ ወረዳ፣ የእኛ እድር ምን ይዞ ይጠብቀዋል ማለት ይገባል።

ከወለጋ የመጣሁ፦

ጋሼ የመሐል ሜዳው ያሉት ልቤን ነካው። እኔ ባሕር አልተሻገርኩም። ከወለጋ ተፈናቅዬ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ነው የምኖረው። በ2016 «ወደ ቀያችሁ ተመለሱ» ሲባል ከመጡብን ጥያቄዎች ሁሉ «ትሄዳላችሁ?» የሚለው ነበር የሚበዛው። «ሄዳችሁ ማንን ትጎራበታላችሁ? ማን ይጠብቃችኋል? መሬቱን ማን እያረሰው ነው?» ብሎ የጠየቀን ጥቂት ነው። የሄዱ አሉ፣ ደህና የሆኑ አሉ፣ ሄደው ተመልሰው የመጡም አሉ። እኔ አልሄድኩም፤ የሄዱትን ግን አልፈርድባቸውም። ድንኳን ያሰለቻል።

እህቴ፣ ወንድምሽ ቢመለስ ስደተኛ የነበረው ሰው በአገሩ ውስጥ ተፈናቃይ ነው የሚሆነው። ቤቱ አጣዬ፣ ኑሮው ጠባሴ በኪራይ። ይህን አውቆ ከመጣ ችግር የለውም፤ እኛም እየኖርን ነው። ሳያውቅ ከመጣ ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚፈናቀለው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

ሁላችሁንም በደንብ አነበብኩ። የአጣዬውን ነገር ይንገሩት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን እዚህ ሥራ እንደሌለ አድርጎ ማሰብን አልቀበልም። አንድ ሰው ጥቂት የመንዝ በጎች ገዝቶ ሦስት ወር በፉርሽካና በፋጉሎ ይዞ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ቢያወጣ ያተርፋል። በሬም ቢሆን ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣ ተረፈ ምርት ለመኖ ቅርብ ነው። ቆላውን ለሚያውቅ ደግሞ ቀወት ላይ ማሾና ሽንኩርት አለ። ከጀርመን የሚሰጠው ብር ለመነሻ ይበቃል። ልጁን ተስፋ አታስቆርጡት።

የማቋቋም ሥራ ላይ ያለሁ፦

በዞናችን ከስደት ተመላሾችን በማቋቋም ሥራ ላይ ነኝ። ወንድማችን የተናገረው የበግ ማድለብ ጥሩ ሥራ ነው፤ ለብዙዎች መክረናል። ግን ወረቀቱ ላይ ሲመጣ የሚያጋጥመውን ልንገራችሁ።

አብዛኛው የመልሶ ማቋቋም ድጋፍ ለተመላሹ በእጁ በጥሬ ብር አይሰጥም። ተመላሹ የሥራ ዕቅድ ያዘጋጃል፣ ከሻጭ ፕሮፎርማ ያመጣል፣ ገንዘቡ ለሻጩ ይከፈላል፣ ዕቃው ለተመላሹ ይገባል። ለሱቅ ዕቃ፣ ለስፌት ማሽን፣ ለወፍጮ ይህ ይሠራል። የመንዝ በግ የሚሸጥ ገበሬ ግን ፕሮፎርማ የለውም፣ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ተመላሹ በግ ማድለብ እየቻለ የማያውቀውን የሸቀጥ ሱቅ ይከፍታል፤ ደረሰኝ ስላለው ብቻ። በዚህ ምክንያት ሲዘጉ ያየኋቸው ሱቆች ያሳዝኑኛል። መፍትሔው ከመነሳቱ በፊት እዚያው ጀርመን ካለው አማካሪ ጋር ዕቅዱን በጽሑፍ ማስገባት፣ «ከብት የምገዛው ከገበያ ነው፣ በምን ዓይነት ማስረጃ ታወራርዱልኛላችሁ?» ብሎ ቀድሞ መጠየቅ ነው። መኖ ከሆነ ከማኅበራትና ከነጋዴ በደረሰኝ ይገኛል፤ ድጋፉን በመኖና በበረት ላይ አውሎ ከብቱን በራስ ብር መግዛት አንዱ መላ ነው።

ገንዘቡ ይበቃል ወይ? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ስለተተወ የዩሮው ብር በቁጥር አብጧል። የበጉም፣ የመኖውም፣ የጠባሴው የቤት ኪራይም አብሮ ወጥቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ዋጋ አታስቡ። ብድር ከፈለገ የቡድን ዋስትና ይጠየቃል፤ ከስደት የመጣን ሰው ቡድኑ ውስጥ የሚያስገባ ጎረቤት ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ገና ይሄዳል ብለው ስለሚፈሩ። እናትሽ በእቁቧ የምታውቃቸው ሰዎች ካሉ ከአሁኑ ታናግራቸው።

የመታወቂያው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ሊሴ ፓሴ ለአንድ ጉዞ ነው። ደርሶ የነዋሪነት መታወቂያ ከሌለው ንግድ ፈቃድ የለም፣ ቲን ነምበር የለም፣ የባንክ ሒሳብም ጣጣ ነው። የአጣዬ ነዋሪ ሆኖ ደብረ ብርሃን ለመመዝገብ ከአጣዬ ቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል። ይህ መሸኛ ዛሬ፣ እሱ ሳይመጣ፣ መጠየቅ ይጀመር።

ስለ ፀጥታው የምለው አጭር ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ተመላሽ ወጣት ወንድ ስለሆነ ከሁሉም ወገን ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። ይህን ማንም ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ አማካሪ አይነግረውም። እናንተ ንገሩት፤ በስልክ የሚነገረውን ያህል።

ሪያድ የነበርኩ፦

የደረሰኙ ነገር እውነት ነው። እኔንም አንድ ድርጅት ከረዱት ውስጥ አስገብቶኝ ነበር፤ ዕቃው ሲመጣ የተከራየሁት ቦታ ጊዜው አልፎ ነበር።

ደግሞ ስለ ጭንቀቱ። ስመለስ ሌሊት እየጮህኩ ስነሳ ቤተሰቦቼ ጻድቃኔ ማርያም ወስደውኝ ጠበል ተጠመቅሁ። ረድቶኛል፣ አልክድም። ግን መድኃኒትም ወስጃለሁ፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ልጁ ቢመጣ «ምን ሆነህ ነው የምትዘጋው» እያላችሁ አትጎትጉቱት። እዚህ የመጣ ሁሉ ታሪኩን በአንድ ጊዜ እንዲናገር ነው የሚጠበቅበት።

የሩቅ አንባቢ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል። የእኔ እህት ስዊድን የስደተኝነት ወረቀት አግኝታለች። ለእናታችን ተዝካር መጥታ መመለስ ትችላለች ወይ?

አስተርጓሚው፦

ትጠንቀቅ። በ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት መሠረት የስደተኝነት ከለላ ያገኘ ሰው ወደሸሸው አገር ወዶ ሲመለስ ወይም ከኤምባሲው ፓስፖርት ሲያወጣ ከለላው ሊነሳበት ይችላል፤ «አገሬ ያሳድደኛል ካልክ እንዴት ሄድክ?» ነው የሚሉት። ለለቅሶ ነው፣ ለተዝካር ነው ብላ ማስረዳት ትችል ይሆናል፤ ውሳኔው ግን በእነሱ እጅ ነው። ቲኬት ሳትቆርጥ ጠበቃ ትጠይቅ። እናታችሁን ነፍስ ይማር።

የመሐል ሜዳው፦

አንድ ነገር ዘንግቼ። ልጁን «ፈርም» ወይም «አትፈርም» የሚል ሰው ከቤታችሁ እንዳይደውልለት። እናቱም አጎቱም። የሚደውል የሚያውቀውን ይንገረው፤ ውሳኔው የራሱ ይሁን። በፈቃድ ማለት የእናት ፈቃድ አይደለም፣ የአበዳሪም ፈቃድ አይደለም። ከመጣ በኋላ የሚከፋበት ቀን አይቀርም፤ በዚያ ቀን «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁኝ» ካለ ቤቱ ይፈርሳል። የመጣሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው ግን ይታገሣል። ሱዳን ሳለን አብረውን ከነበሩት ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴን ይህን ሁሉ አነበብኩላት። የሸዋ ሮቢቷን እናት ቃል ስትሰማ አስቁማኝ ደግሜ እንዳነብላት አደረገችኝ። መሐላውን ራሷ አነሳች። የነገረችውም ራሷ ናት፤ ቤቱ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ምን እንዳወጣን፣ ምን እንደቀረ፣ ጠባሴ ስንት እንደምንከፍል። ወንድሜ መጀመሪያ ተቆጣ። «ፍርድ ቤት ቤትህ የት ነው ሲሉኝ አጣዬ፣ የአባቴ ቤት ብያለሁ» አለ። አስተርጓሚው እንዳለው ነው። በማግስቱ ጠበቃው ጋ ሄዷል፤ ጠበቃው ማስረጃ ላኩልኝ፣ እስከዚያ ምንም አትፈርም ብሎታል። ጊዜው እንዲራዘምም ጽፎለታል፤ መልሱ አልመጣም።

አጎቴ እስካሁን እንደተቀየመ ነው። ሽማግሌ እንልካለን። ለወንድሜ ግን መደወሉን ትቷል፤ ለጊዜው ይህም ይበቃል።

ወንድሜ ራሱ ምን አለ መሰላችሁ፦ «ጠበቃው አይሆንም ካለኝ እመጣለሁ፤ ግን አጣዬ አልገባም፣ ደብረ ብርሃንም ሥራ ፍለጋ ነው የምመጣው፣ ቤቴ ብዬ አይደለም።» እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ግን ከዚህ በፊት እንዲህ ቁርጥ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የበጉን ነገርም ጠይቆኛል። የማቋቋም ሥራ ላይ ያለኸው ወንድሜ የጻፍከውን እንዳለ ልኬለታለሁ።

አሁን የምጠይቀው፦ ለጠበቃው ምን ምን ወረቀት ነው የምንልከው? ቤቱ በአባታችን ስም ነው፣ አባታችን አርፏል፤ ካርታው ከቤቱ ጋር ነው የተቃጠለው።

የማቋቋም ሥራ ላይ ያለሁ፦

ካርታው ቢቃጠልም የማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ወይም የግብር መዝገብ ላይ የአባታችሁ ስም ሊኖር ይችላል፤ ከዚያ ጀምሩ። ከሌለ የጎረቤት ምስክር ይዛችሁ ቀበሌው እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ካላወጣችሁ እሱንም አውጡ፤ ለዚህ ብቻ ሳይሆን ለቦታችሁም ያስፈልጋችኋል። መሸኛውን በዚያው ጉዞ ጠይቁ። አጣዬ ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮቹ ጠይቁ።

አስተርጓሚው፦

እኔ የምጨምረው፦ የቀበሌው ደብዳቤ ቀን፣ ማኅተምና የፈረመው ሰው ኃላፊነት በግልጽ ይኑረው፤ ቤቱ መቼ እንደተቃጠለና ቤተሰቡ አሁን የት እንደሚኖር በሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፍበት። የፈረሰው ቤት ፎቶ ካላችሁ በዚያን ጊዜ የተነሳውን ኦሪጅናል ፋይል ላኩ፤ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጉት፣ የተነሳበት ቀን እንዳይጠፋ። የጠባሴውን የኪራይ ውል ጨምሩ። ትርጉሙን እዚያ አታሠሩ፣ እዚህ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ነው የሚቀበሉት። ዋናውን ወረቀት አትልኩ፤ መጀመሪያ ስካኑን ለጠበቃው፣ ዋናውን እሱ ሲጠይቅ ብቻ።

የጠባሴዋ፦

ቀበሌው ሰኞ ነው የሚከፈተው። ሰኞ እሄዳለሁ። የኪራይ ውሉን አሁኑኑ ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ።